ፎቶው ቪዲዮውን ይሸፍነዋል እንጂ አይዋሃደውም (ፒዩር ዳታ፣ ጄም)

መንቆረር (ደብረ ማርቆስ)
ሰኞ፣ ከምሽቱ 3:10

ሰላም ለዚህ ቤት። ለባህል ቡድናችን አንድ ምሽት እያዘጋጀን ነው። ሐሳቡ እንዲህ ነው። መድረክ ላይ ውዝዋዜው ይካሄዳል። አንድ ካሜራ ተወዛዋዦቹን በቀጥታ ይቀርጻል። ከኋላቸው በተወጠረው ነጭ ጨርቅ ላይ ያንኑ ቪዲዮ በፕሮጀክተር አሳድገን እናሳያለን። በቪዲዮው ላይ የድሮ ፎቶዎች ቀስ እያሉ ብቅ፣ ቀስ እያሉ ጥፍት እንዲሉ እንፈልጋለን። የድሮው ገበያ፣ የአያቶቻችን ሠርግ፣ አንድ ሁለት የብራና ገጽ።

የምሠራው በፒዩር ዳታና የምስሉንና የቪዲዮውን ሥራ በሚጨምርለት በጄም ነው። ነፃ ነው፣ ኡቡንቱ ላይ ይሠራል፣ ኮድ ከመጻፍ ደግሞ ሳጥን በሽቦ ማያያዝ ይቀለኛል። ላፕቶፑ ያረጀ ነው፤ ራሱን የቻለ ግራፊክስ ካርድ የለውም።

ፓቹ (የሳጥኖቹ ግንኙነት) አሁን ይህን ይመስላል፦

[ጄምሄድ] → [ፒክስ_ቪዲዮ] → [ፒክስ_ቴክስቸር] → [ሬክታንግል 5.33 4]

[ጄምሄድ] → [ፒክስ_ኢሜጅ] → [ፒክስ_ቴክስቸር] → [ከለርአርጂቢ 1 1 1 0.5] → [ሬክታንግል 3 3]

ፎቶው ወይ ድርቅ ብሎ ቪዲዮውን ይሸፍነዋል፣ ወይ ጭራሽ አይታይም። ግማሽ በግማሽ እንዲያሳልፍ 0.5 ያልኩትን የሰማኝ የለም። አንዳንዴ ፓቹን ዘግቼ ስከፍተው የፊቱ ኋላ፣ የኋላው ፊት ይሆናል። ምን ይሻለኛል?

---

ቡሬ_ላይ
ሰኞ፣ ከምሽቱ 3:25

[ፒክስ_ሚክስ] የሚባል ሳጥን አለ። ሁለቱን አስገባበት፣ ቁጥር ስጠው፣ አለቀ።

---

ጢስ_እሳት (ባሕር ዳር)
ሰኞ፣ ከምሽቱ 4:02

አላለቀም :) [ፒክስ_ሚክስ]፣ [ፒክስ_ኮምፖዚት]፣ [ፒክስ_መልቲፕላይ] የሚባሉት ሁሉ ሁለቱ ምስሎች እኩል መጠን እንዲኖራቸው ይፈልጋሉ። ካሜራው 640 በ480 ከሆነ ፎቶውም 640 በ480 መሆን አለበት። ከዚያ በላይ ደግሞ ሥራውን የሚሠራው ሲፒዩ ነው፤ እያንዳንዱን ፒክሰል አንድ በአንድ። 640 በ480 ማለት 307,200 ፒክሰል ነው። ይህን በየፍሬሙ ማስላት ለዚያ ላፕቶፕ ቀላል ሸክም አይደለም። ካሜራውን ወደ 1280 በ720 ካሳደግከው ሸክሙ ሦስት እጥፍ ይሆናል።

አንተ የያዝከው መንገድ ይሻላል። ቪዲዮው በራሱ ሬክታንግል፣ ፎቶውም በራሱ። ማዋሃዱን ለግራፊክሱ ትተውለታለህ። ለብቻው ካርድ ባይኖርህም ፕሮሰሰሩ ውስጥ ያለው ግራፊክስ ይችለዋል። የጎደለህ ሌላ ነገር ነው።

መጀመሪያ [አልፋ] የሚባለውን ሳጥን አላስገባህም። [ከለርአርጂቢ] ላይ አራተኛውን ቁጥር 0.5 ማድረግ ብቻውን ዋጋ የለውም። [አልፋ] እስኪገባ ድረስ ጄም መቀላቀሉን አይጀምርም፤ ቁጥሩን ያየዋል ግን አይጠቀምበትም። «የሰማኝ የለም» ያልከው እሱ ነው።

ሁለተኛው ተራ ነው። ሁለቱም [ጄምሄድ]፣ መሳሉ የሚነሳባቸው ሳጥኖች፣ ቁጥር የላቸውም። ቁጥር ካልሰጠኸው ሁሉም 50 ነው፣ ማን ቀድሞ እንደሚሳል ደግሞ አንተ አልወሰንክም። ትንሽ ቁጥር ያለው ይቀድማል። ለቪዲዮው 10፣ ለፎቶው 60 ስጥ። የሚያሳልፍ ነገር ሁልጊዜ ከኋላው ያለው ተስሎ ካለቀ በኋላ ነው መሳል ያለበት። ፎቶው ቀድሞ ከተሳለ የሚቀላቀለው ከጥቁሩ መስኮት ጋር ነው። ቪዲዮው ዘግይቶ ሲመጣ ቦታው ተይዟል።

ሦስተኛው ርቀት ነው። ሁለቱም ሬክታንግሎች ከዓይንህ በአንድ ርቀት ላይ ናቸው። ጄም ደግሞ «ማን ይቀርባል?» ብሎ የሚመዝን ነገር አለው፣ እኩል ሲሆኑበት ግራ ይጋባል። ወይ ይብለጨለጫል፣ ወይ አንዱን ይውጠዋል። ፎቶውን በ[ትራንስሌትኤክስዋይዜድ 0 0 0.01] ትንሽ ወደ ፊት ሳበው። ካልሆነ [ዴፕዝ] በሚለው ሳጥን ምዘናውን አጥፋው። እኔ ለእንዲህ ያለ ጠፍጣፋ ሥራ ማጥፋቱን እመርጣለሁ። ተራውን በ[ጄምሄድ] ቁጥር ከወሰንክ ርቀት ምን ያደርግልሃል?

[ጄምሄድ 60] → [ዴፕዝ] → [አልፋ] → [ፒክስ_ኢሜጅ] → [ፒክስ_ቴክስቸር] → [ከለርአርጂቢ 1 1 1 0.5] → [ሬክታንግል 3 3]

---

መንቆረር
ማክሰኞ፣ ከረፋዱ 4:40

እታለም፣ እግዜር ይስጥልኝ! ሠራ። የገበያው ፎቶ እንደ ጭጋግ በተወዛዋዦቹ ላይ ገባ። ቁጥሩን ከፍ ዝቅ ሳደርገው ይታዘዘኛል።

አሁን ሌላ መጣ። የብራናው ገጽ ከነቢጫ ጀርባው አራት ማዕዘን ሆኖ ነው የሚገባው። እኔ የምፈልገው ጽሕፈቱን ብቻ ነው። ሌላ ደግሞ አንዷ ልጅ የአያቷን ፎቶ ከርክማ ፒኤንጂ አድርጋ ሰጥታኝ ነበር። ዙሪያውን ነጭ ክር የመሰለ ነገር ይታያል። ፎቶው ላይ ግን የለም።

---

አሮጌው_ሽቦ (ደጀን)
ማክሰኞ፣ ከቀኑ 8:15

ልጄ፣ ወደ ብራናው ከመሄዳችን በፊት ሒሳቡን ላሳይህ። ሳጥን ከማገናኘት በላይ የሚጠቅምህ እሱ ነው።

ውሕደት ማለት ድርሻ ማካፈል ነው። የላዩ ምስል በአልፋው (ምን ያህል እንደሚሸፍን በሚያሳየው ከ0 እስከ 1 ያለ ቁጥር) ይባዛል፣ የታቹ ደግሞ ከ1 ላይ አልፋው ተቀንሶ በቀረው ይባዛል፣ ሁለቱ ይደመራሉ። አንድ ፒክሰል እንውሰድ። ፎቶው 200 ብርሃን አለው፣ ቪዲዮው 100። አልፋው 0.25 ነው። የፎቶው ድርሻ 50፣ የቪዲዮው 75፣ ድምሩ 125። ሌላው ሁሉ የዚህ ልጅ ነው። ቶማስ ፖርተርና ቶም ደፍ በ1984 ይህን ዓይነቱን ሒሳብ በአንድ ጽሑፍ ሥርዓት አስያዙት፤ ዛሬም አብዛኛው ፕሮግራም የሚሠራው በእሱ ነው።

አሁን ነጩ ክር። በተከረከመ ፎቶ ውስጥ የማይታዩት ፒክሰሎችም ቀለም አላቸው። አልፋቸው ዜሮ ስለሆነ አታያቸውም እንጂ ከስር ነጭ ተቀምጧል። ምስሉ ሲያንስ ወይም ሲያድግ ግራፊክሱ ጎረቤት ፒክሰሎችን ያማክላል፣ ያኔ ያ ነጭ ወደ ጠርዙ ይሾልካል። መድኃኒቱ ሁለት ነው። ወይ ከስር ያለውን ቀለም የጠርዙን ቀለም ታስመስለዋለህ። ወይ ምስሉን አስቀድመህ በአልፋው አባዝተህ ታስቀምጥና የመቀላቀያ ስልቱን ትለውጣለህ፤ ከዚያ ወዲያ የላዩ ምስል እንዳለ ይደመራል እንጂ በአልፋ ድጋሚ አይባዛም። ለአንተ የመጀመሪያው ይቀልሃል።

ደግሞ አንድ ነገር ልጠይቅህ። ካሜራው የት ነው የሚቆመው?

---

መንቆረር
ማክሰኞ፣ ከቀኑ 8:50

ጋሼ፣ አመሰግናለሁ። ካሜራው ከፊት፣ ከተመልካቹ መሃል ነው የሚቆመው። ለምን ጠየቁኝ?

---

አሮጌው_ሽቦ
ማክሰኞ፣ ከቀኑ 9:05

እንግዲያውስ ችግር አለብህ። ካሜራው ተወዛዋዦቹን ሲቀርጽ ከኋላቸው ያለውን ጨርቅም ይቀርጻል። ጨርቁ ላይ ያለው ደግሞ የካሜራው ቪዲዮ ነው። ቪዲዮ በቪዲዮ ውስጥ፣ በዚያ ውስጥ ሌላ፣ ማለቂያ የሌለው ዋሻ ይሆንብሃል። ፎቶውም አብሮ ይባዛል፤ አንድ አያት አስገብተህ አሥር አያት ታገኛለህ። አንዳንዱ ሰው ሆን ብሎ ይሠራዋል፣ ውበትም አለው። ሳታስበው ከመጣ ግን ምሽቱን ያበላሸዋል።

ካሜራውን ከመድረኩ ጎን አቁመው። ጨርቁ በፍሬሙ ውስጥ እንዳይገባ። የጎን ቀረጻ ለትከሻ እንቅስቃሴ እንዲያውም ይሻላል። ተመልካቹ ከፊት የሚያየውን ከጎንም ያየዋል።

---

ጢስ_እሳት
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 1:30

ጋሼ በጣም ትክክል ናቸው። እኔ ካሜራው አልታየኝም ነበር።

ብራናውን በተመለከተ፣ ጂምፕ (የፎቶ ማስተካከያ ፕሮግራም) ላይ «ከለር ቱ አልፋ» የሚል አለ፣ ከቀለሞች ዝርዝር ውስጥ። ነጭ አትበለው፤ ብራና ነጭ አይደለም። በመምጠጫው የብራናውን ቢጫ ራሱን ምረጥ። ያ ቀለም ወደ ማሳለፍ ይለወጣል፣ ጥቁሩና ቀዩ ጽሕፈት ይቀራል። የቆዳው እድፍ ትንሽ ትንሽ ይቀርልሃል። አትጥረገው፣ እሱ ነው ብራና የሚያስመስለው።

ሌላው መንገድ ማባዛት ነው። ሁለት ቀለም ሲባዛ ነጭ 1 ስለሆነ የታቹን አይነካም፣ ጥቁር 0 ስለሆነ ጥቁር ያደርገዋል። በነጭ ጀርባ ላይ ላለ ጽሕፈትና ንድፍ እሱ ነው ልኩ። የዚህ ተቃራኒ ጥቁር ጀርባ ላለው ነው፦ ሻማ፣ ርችት፣ ጢስ። እሱን ትደምረዋለህ። ጥቁር ዜሮ ስለሆነ ሲደመር ይጠፋል፣ ብርሃኑ ብቻ ይጨመራል። [አልፋ] ላይ በቀኝ ጠቅ አድርገህ የማገዣ ገጹን ክፈት፤ የመቀላቀያ ስልቱን የምትቀይርበት እዚያ አለ።

ግን አስተውል፣ ይህ የጎጃም መድረክ ነው። ልጆቹ ነጭ ቀሚስ ነው የሚለብሱት። ነጭ ቀሚስ በመድረክ መብራት ስር ካሜራው ላይ 0.9 ገደማ ይደርሳል። በዚያ ላይ 0.3 ብርሃን ብትደምር 1.2 ይሆናል። ከ1 በላይ የሚባል ነገር የለም፣ ይቆረጣል። ቀሚሱ ድፍን ነጭ ይሆናል። ጥልፉ የለም፣ የጨርቁ እጥፋት የለም፣ የሚንቀጠቀጠው ትከሻ የለም። ሰው ሊያይ የመጣው ደግሞ ትከሻውን ነው።

ስለዚህ የኔ ምክር፣ ለነጭ ቀሚስ መደመርን እርሳው። ማባዛት ወይም ተራው አልፋ። የግድ ብርሃን መጨመር ካለብህ «ስክሪን» የሚባለው ስልት ይሻላል። ሁለቱን ከ1 ትቀንሳለህ፣ ታባዛቸዋለህ፣ ውጤቱን እንደገና ከ1 ትቀንሳለህ። 0.6 እና 0.7 ብትደምር 1.3 ይሆንና ይቆረጣል፤ በስክሪን ግን 0.88 ነው። ነጩ እንደ ነጭ ይቆያል፣ ግን አይቃጠልም።

---

ዳሞት_ፒክሰል (ፍኖተ ሰላም)
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2:15

ወገን፣ ይህ ሁሉ መከራ ለምን? ተችዲዛይነር የሚባለውን ፕሮግራም አውርዱና ተገላገሉ። ቪዲዮውን አስገባ፣ ፎቶውን አስገባ፣ ሁለቱን ወደ ኮምፖዚት አያይዝ፣ ከዝርዝሩ ኦቨር፣ አድ፣ መልቲፕላይ፣ ስክሪን የፈለግከውን ምረጥ። በየሳጥኑ ላይ ምስሉ ራሱ እየታየህ ነው የምትሠራው። ጄም ላይ እኮ የት እንደተበላሸ እንኳ አይታይም።

---

መንቆረር
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2:22

ኡቡንቱ ነው ያልኩህ ወንድሜ፣ እሱ ደግሞ እዚህ አይሠራም።

---

ዳሞት_ፒክሰል
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2:24

ዊንዶውስ ጫንበት።

---

ጢስ_እሳት
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2:40

ዳሞት፣ የተችዲዛይነርን ጥቅም ማንም አልካደም። እኔም ቤት ውስጥ እጠቀምበታለሁ። በየሳጥኑ ምስሉን ማየት ትልቅ ነገር ነው፤ ነጩ ክር የት እንደገባ በአንድ ዓይን ታያለህ። ነፃው ፈቃድ ከ1280 በ1280 በላይ አያወጣም፣ ግን 1280 በ800 ለሆነ ፕሮጀክተር ይበቃል። ለገንዘብ በማትሠራው ሥራ ላይ ብቻ መሆኑን ሳትረሳ።

ልጁ ግን ያለው ያረጀ ላፕቶፕ ነው። ተችዲዛይነር የምስሉን ሥራ በግራፊክስ ካርዱ ላይ ነው የሚሠራው፣ ካርዱ ደካማ ከሆነ ከሳጥን ሳጥን ይንገዳገዳል። ዝግጅት ሲቀርብ ደግሞ ሲስተም አይቀየርም። የሠራልህን ይዘህ ትገባለህ።

ደግሞ ተራ፣ አልፋ፣ የጠርዝ ክር፣ የሚቆረጥ ነጭ እዚያም ያው ነው። ማክስ ጂተር በሚባለው ሌላ ፕሮግራም ላይም ያው ነው። እዚያ [ጂት.ጂኤል.ቪዲዮፕሌን] ላይ ብሌንድ_ኢነብል 1፣ ዴፕዝ_ኢነብል 0 ትልና ሌየር ቁጥር ትሰጣለህ። ስሙ ተለወጠ እንጂ ለመንቆረር የነገርኩት ነው።

---

መንቆረር
ረቡዕ፣ ከቀኑ 10:20

ወደ ፎቶዎቹ ልመለስ። አሁን ሁለት ፎቶ ላይ ደርሻለሁ። አንደኛው እየጠፋ ሁለተኛው እንዲመጣ በሁለት [ላይን] (ቁጥርን ቀስ እያለ የሚለውጥ ሳጥን) አያያዝኳቸው። አንዱ ከ1 ወደ 0፣ ሌላው ከ0 ወደ 1፣ በ3 ሰከንድ። ጫፎቹ ላይ ጥሩ ነው። መሃል ላይ ግን ቪዲዮው ከስር ብቅ ብሎ ይመለሳል። ፎቶዎቹ የሳሱ ይመስላል። 0.5 እና 0.5 እኮ 1 ነው፣ ምነው?

---

አሮጌው_ሽቦ
ረቡዕ፣ ከቀኑ 11:00

0.5 እና 0.5 አንድ የሚሆነው ስትደምራቸው ነው። አንተ ግን እየደረብካቸው ነው።

የላዩ ፎቶ ግማሹን ይወስዳል። ግማሽ ቀረ። የታቹ ፎቶ ከቀረው ግማሽ ላይ ግማሹን ይወስዳል፣ ማለትም 0.25። የቀረው 0.25 የቪዲዮው ነው። ስለዚህ በመሃሉ ላይ ሩብ ያህል ቪዲዮ ሾለከ። ያየኸው እሱን ነው።

ፎቶዎቹ ሙሉ ሆነው ቪዲዮውን የሚሸፍኑ ከሆነ መላው ቀላል ነው። የታቹን አትንካው፣ 1 ላይ ይቆይ። የላዩን ብቻ ከ0 ወደ 1 አምጣው። ሙሉ ሲሆን የታቹን አጥፋው፤ ማንም አያይም።

---

መንቆረር
ረቡዕ፣ ከምሽቱ 12:30

ጋሼ፣ የእኔ ፎቶዎች ግን ሙሉ አይሆኑም። ከ0.6 እንዳያልፉ ነው የምፈልገው፣ ተወዛዋዦቹ ከስር እንዲታዩ።

---

አሮጌው_ሽቦ
ረቡዕ፣ ከምሽቱ 1:10

እህ፣ ጥሩ ጥያቄ ነው። ያ መላ እዚህ አይሠራም። የታቹ 0.6 ላይ ቆሞ የላዩ 0.6 ሲደርስ፣ የታቹ አሁንም ከቀረው 0.4 ላይ 0.24 ይዟል። ድንገት ስታጠፋው ያ 0.24 ወደ ቪዲዮው ይመለሳል፣ ዓይን ደግሞ ዝላዩን ይይዘዋል።

ሁለቱን ፎቶዎች በመጀመሪያ እርስ በርሳቸው አዋህድ። ከዚያ የተዋሃደውን አንድ ምስል በ0.6 በቪዲዮው ላይ አልብስ። ያኔ መሃሉም ጫፉም 0.6 ነው። ማዋሃጃው ያ መጀመሪያ የተባለው [ፒክስ_ሚክስ] ነው። ሁለቱን ፎቶ ቀድመህ እኩል አድርገህ ከቆረጥካቸው ችግር የለውም። ካሜራውን ስለማይነካ ሸክሙ ያን ያህል አይደለም።

---

ቡሬ_ላይ
ረቡዕ፣ ከምሽቱ 1:12

ብያለሁ!!! ሰኞ ነው የተናገርኩት!

---

ጢስ_እሳት
ረቡዕ፣ ከምሽቱ 1:20

እሺ ቡሬ፣ ተመዝግቧል :)

መንቆረር፣ ሁለት ነገር ልጨምርልህ። ጄም ሳትነካው በሰከንድ 20 ፍሬም ነው የሚስለው። በዝግታ የሚመጣ ፎቶ ላይ ደረጃ ደረጃ እያለ ሊታይህ ይችላል። ላፕቶፑ ከቻለ [ጄምዊን] ላይ ፍሬሙን ወደ 25 ወይም 30 ከፍ አድርገው። ካልቻለ ተወው፣ ከሚንተፋተፍ 30 የተረጋጋ 20 ይሻላል።

ሌላው የፎቶዎቹ መጠን ነው። ስልክ ያነሳው ፎቶ 4000 በ3000 ቢሆን ሲከፈት ሜሞሪ ላይ 48 ሚሊዮን ባይት ነው። ፋይሉ 3 ሜጋባይት ስለሆነ አትታለል፣ ያ የታመቀው ነው። አሥር ፎቶ ማለት ግማሽ ጊጋባይት ሊሆን ምንም አይቀረው። ለ640 በ480 ቪዲዮ ይህ ምን ይሠራል? አሳንሳቸው። ደግሞ በዝግጅቱ መሃል ፎቶ አትክፈት፤ ዲስኩ እስኪያነብ ቪዲዮው ቀጥ ይላል። በተከታታይ ቁጥር ሰይማቸውና በ[ፒክስ_መልቲኢሜጅ] ቀድመህ ጫናቸው። ከዚያ ቁጥር ብቻ ነው የምትልክለት።

---

መንቆረር
ሐሙስ፣ ከረፋዱ 5:15

ሁሉንም አደረግኩ፣ ሰላም ነው። አሁን የመክፈቻዋን ትንሽ ቪዲዮ ቀድመን እየቀረጽን ነው። እሷ ላይ የፈለግነው ተገላቢጦሹን ነው። ተወዛዋዦቹ ከፊት፣ ፎቶው ከኋላቸው። አንድ አረንጓዴ ጨርቅ ተውሰናል። አረንጓዴውን አጥፍቶ በቦታው ፎቶውን ለማስገባት [ፒክስ_ክሮማ_ኪ] ይበቃል?

---

ዳሞት_ፒክሰል
ሐሙስ፣ ከረፋዱ 5:30

ይበቃል። ጨርቁን ሳይጨማደድ ወጥረው፣ መብራቱ ከጫፍ ጫፍ እኩል ይረፍበት። ልጆቹ ደግሞ ከጨርቁ ፈንጠር ብለው ይቁሙ፣ አለበለዚያ አረንጓዴው ይንጸባረቅባቸዋል።

---

ቡሬ_ላይ
ሐሙስ፣ ከረፋዱ 5:34

ቆይ ቆይ። ወንዶቹ ምን ለብሰው ነው የሚወዛወዙት?

---

መንቆረር
ሐሙስ፣ ከረፋዱ 5:36

ቁምጣ ነዋ።

---

ቡሬ_ላይ
ሐሙስ፣ ከረፋዱ 5:37

ምን ቀለም?

---

መንቆረር
ሐሙስ፣ ከረፋዱ 5:41

ወይ ጉድ።

---

ጢስ_እሳት
ሐሙስ፣ ከቀኑ 6:20

ሳቄ አላቆም አለኝ። የጎጃም አረንጓዴ ቁምጣ በአረንጓዴ ጨርቅ ፊት! ከወገብ በላይ ሰው፣ ከጉልበት በታች እግር፣ መሃሉ የድሮ ገበያ።

ሰማያዊ ጨርቅ ፈልግ። [ፒክስ_ክሮማ_ኪ] የትኛውን ቀለም እንደሚያጠፋና ምን ያህል ርቀት ድረስ እንደሚፈቅድ የምትነግረው አንተ ነህ። አረንጓዴ ብቻ አይደለም። ግን የሴቶቹ ጥልፍ ላይ ሰማያዊ ካለ እሱም እንደዚያው ይበሳል፣ ቀድመህ ተመልከት። ጠባብ ክልል ጀምርና ቀስ እያልክ አስፋው። በሰፊ ከጀመርክ ጥላውንም ፀጉሩንም አብሮ ይበላል።

ጨርቅ ካልተገኘ [ፒክስ_ባክግራውንድ] አለ። ማንም የሌለበትን ባዶ መድረክ አንዴ ታስይዘዋለህ፣ ከዚያ ከእሱ የተለየውን ብቻ ያስቀራል። ችግሩ መብራት ነው። አንድ አምፖል ቢጠፋ ወይም መብራት ኃይል ወዝወዝ ቢያደርገው ግድግዳው ሁሉ «የተለየ» ይሆንበታል። እንደኛ አገር ከሆነ ጨርቁን እመርጣለሁ።

---

አሮጌው_ሽቦ
ሐሙስ፣ ከቀኑ 7:00

እኔም ጨርቁን። ካሜራውን ደግሞ በእጅ ሁነታ አድርገው፣ ብርሃኑንም የነጭ ቀለም ሚዛኑንም። በራሱ ሲተው ነጭ ቀሚስ ወደ ፍሬሙ በገባ ቁጥር ያጨልመዋል፣ የጨርቁ ቀለም አብሮ ይለዋወጣል፣ ያስተካከልከው ክልል ይሳሳታል።

---

ፈረሰኛው (እንጅባራ)
ሐሙስ፣ ከምሽቱ 2:45

ጥሩ ክር ነው፣ ዝም ብዬ ስከታተል ነበር። እኔ ለጥር 23 የፈረሰኞቹ በዓል ተመሳሳይ ነገር አስቤ ነበር። የድሮ ፈረሰኞችን ፎቶ በዛሬዎቹ ላይ በቀጥታ ማልበስ፣ በሜዳው ላይ በፕሮጀክተር። ይሆናል?

---

ጢስ_እሳት
ሐሙስ፣ ከምሽቱ 3:05

በቀን ፀሐይ ፕሮጀክተር ማለት ባዶ ጨርቅ ማለት ነው። ትልቅ የኤልኢዲ ስክሪን ከተገኘ ሌላ ነገር፣ ካልሆነ ለማታው ዝግጅት አቆየው። ቀን ቅረጽ፣ ማታ አዋህደህ አሳይ። ፒዩር ዳታ ላይ ካሜራውን በ[ፒክስ_ፊልም] ትተካዋለህ፣ የቀረው ፓች አይለወጥም። ደግሞ ፈረስ ሲጋልብ ፎቶው ፍሬሙ ላይ ተገትሮ ቢቀር አያምርም። ፎቶውን በ[ትራንስሌትኤክስዋይዜድ] ቀስ ብለህ ፈረሱ ወደሚሄድበት አቅጣጫ አንቀሳቅሰው። ከፈረሱ በጣም በዘገመ ፍጥነት።

---

ፈረሰኛው
ሐሙስ፣ ከምሽቱ 3:12

ገባኝ፣ ማታ ይሁን። መንቆረር፣ ፓቹን ብታካፍለን? ኔትወርኩ እዚህ ስለሚንቀራፈፍ ከባድ ከሆነ ይቅር።

---

መንቆረር
ሐሙስ፣ ከምሽቱ 3:30

ከባድ አይደለም። የፒዩር ዳታ ፓች እኮ ተራ የጽሑፍ ፋይል ነው፣ ጥቂት ኪሎባይት ብቻ። በቴሌግራም ትደርሳለች። ፎቶዎቹን ግን አልላክሁም፣ የቤተሰብ ናቸው። የራሳችሁን 640 በ480 አድርጋችሁ ፓቹ ባለበት ፎልደር ውስጥ «ምስሎች» በሚል ስም አስቀምጡ። የፋይሎቹን ስም በላቲን ፊደልና በቁጥር አድርጉት፣ ክፍት ቦታም አይኑርበት፤ ፒዩር ዳታ ክፍት ቦታ ሲያይ ሁለት ቃል አድርጎ ነው የሚያነበው።

---

ፈረሰኛው
ሐሙስ፣ ከምሽቱ 3:52

ደረሰኝ፣ ተከፈተ። ፎልደሩ ራሱ ግን «ምስሎች» ይባል ነው ያልከው፣ በአማርኛ። እሱም በላቲን ይሁን?

---

መንቆረር
ሐሙስ፣ ከምሽቱ 3:55

የኔ ላይ በአማርኛውም ከፍቷል፣ ኡቡንቱ ስለሆነ ይሆናል። ዊንዶውስ ከሆንክ ፎልደሩንም በላቲን አድርገውና ፓቹ ውስጥ [ፒክስ_መልቲኢሜጅ] ላይ ያለውን መንገድ አብረህ ቀይረው።